ከማስመስከር እስከ አማካይ ነጥብ፦ የተማሪ ውጤት መለኪያ ታሪክ በኢትዮጵያ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ሁለት ነባር ትምህርት ቤቶች በጉርብትና ኖረዋል። አንደኛው በ1935 ዓ.ም. የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተብሎ የተቋቋመው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ ሕዝቡም ባጭሩ «ኮሜርስ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ተግባረ እድ ነው። አደባባዩ ስሙን ያገኘው የሜክሲኮ መንግሥት የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ተቃወመና ሕጋዊ ነው ብሎ ስላልተቀበለ፣ ለውለታው መታሰቢያ እንዲሆን ነው።

ከኮሜርስ የሚወጣ ተማሪ በእጁ የሚይዘው ወረቀት በፊደልና በቁጥር የተሞላ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፤ ከግርጌውም 2.73 ወይም 3.41 የሚል አማካይ ነጥብ ይገኝበታል። በተግባረ እድ ሙያ ተምሮ ለብቃት ምዘና የሚቀርበው ግን የሚሰጠው ፍርድ አንድ ቃል ነው፤ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ»። ሁለቱ ወጣቶች በአንድ አደባባይ ታክሲ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ የተለኩት ግን በሁለት ልዩ ልዩ ሚዛን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ሁለት ሚዛኖች ከየት እንደ መጡ መመርመር፣ ቀጥሎም እኛ የኮሌጅ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ የምንቀበለው ነጥብ እንዴት እንደሚሰላና ምን እንደሚናገር፣ ምንስ እንደማይናገር ማስረዳት ነው። ነገሩ ለጨዋታ የሚነሣ አይደለም። አማካይ ነጥቡ ከ2.00 በታች የሆነ ተማሪ አይመረቅም፤ ከተመረቀም በኋላ በጋዜጣ የሚወጡ አንዳንድ የሥራ ማስታወቂያዎች ከዚህ ነጥብ በታች ያለው እንዳያመለክት ይላሉ። እንጀራ የሚያበላና የሚነሣ ቁጥር እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቁ መኖር ለተማረ ሰው አይገባም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ የውጭ አገር ታሪክ ሲሆን ግን «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ተጨምሮበታል።

1. የማስመስከር ሥርዓት

በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ማርክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ይህ ማለት ግን መለኪያ አልነበረም ማለት አይደለም። ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌልን፣ በመጨረሻም ዳዊትን ያነባል። ንባቡም ራሱ ደረጃ አለው፤ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ ይባላል። የኔታ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ልጁ ከተሳሳተ ይመለሳል፤ ካልተሳሳተ ያልፋል። ከመቶ ሃምሳውን አውቆ ወደሚቀጥለው መሻገር አይታሰብም።

የቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው በሁለት ቤት ከምትቈመው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የሚያስኬደው ከሌላው ተማሪ መብለጡ ሳይሆን ቅኔው መሙላቱ፣ ሰሙና ወርቁ መስማማቱ ነው። በመጨረሻ በትምህርቱ የገፋ ሰው ወደ ምስክር ጉባኤ ቤት ይሄዳል፤ ድጓ የተማረ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ የተማረ ወደ ደብረ ዓባይ። እዚያም ችሎታውን አሳይቶ «አስመሰከረ» ይባላል። ቃሉን ልብ እንበለው፤ ተማሪው ነጥብ አላገኘም፣ ምስክር አገኘ እንጂ።

ይህ ሥርዓት አንድ ትልቅ ጥቅምና አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ጥቅሙ፣ አስመሰከረ የተባለው ሰው ምን እንደሚችል ሁሉ ያውቃል፤ ድጓ አስመስክሯል ከተባለ ድጓ ይችላል ማለት ነው። ደግሞም «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ስለሚጠየቅ የመምህሩ ስም ከተማሪው ጋራ ይሄዳል፤ ያልበቃውን ያስመሰከረ መምህር ስሙ ይጎድፋል። ጉድለቱ ጊዜው ነው። አንዱ በሦስት ዓመት የሚጨርሰውን ሌላው በዐሥር ዓመት ሊጨርሰው ይችላል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ሺህ ተማሪ ተቀብሎ፣ በተወሰነ ቀን አስመርቆ፣ ለቢሮና ለባንክ ሠራተኛ ማቅረብ ለሚፈልግ ዘመናዊ መንግሥት ይህ አይመቸውም።

2. ማትሪክ

ከነጻነት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ችሎታቸው የተመዘነው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነበር። ዛሬም በሕዝቡ አፍ ያለው «ማትሪክ» የሚለው ስም «ማትሪኩሌሽን» ከሚለው ተቀንሶ የቀረ ነው። ኋላ ፈተናው በአገር ውስጥ ተዘጋጅቶ የኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና ተባለ፤ ስሙ ግን ማትሪክ እንደ ሆነ ቀረ። የአምስት ትምህርት ውጤት በፊደል ተሰጥቶ አማካዩ ከ4.00 ይወጣ ነበር፤ 2.00 ያመጣ አለፈ ይባል ነበር።

ነገር ግን ማለፍና ዩኒቨርሲቲ መግባት አንድ አልነበሩም። የመግቢያው ነጥብ በየዓመቱ የሚወሰነው ባለው ቦታ መጠን ነበር። ቦታው ሲጠብብ ነጥቡ ይወጣል፣ ቦታው ሲሰፋ ነጥቡ ይወርዳል። ስለዚህ ፈተናው ከምስክርነት ይልቅ ሰልፍ ማሰለፊያ ሆነ፤ ጥያቄው «ይህ ልጅ ምን ያውቃል?» መሆኑ ቀርቶ «ይህ ልጅ ስንተኛ ነው?» ሆነ።

የዚህን ልዩነት ክብደት በዘመናችን አይተነዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ተፈተኑ፤ ለመደበኛ መግቢያም ከመቶ 50 የሚል ቋሚ ወለል ተደረገ። ወለሉን ያለፉት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። አንድ ዓመት አስቀድሞ በሰልፍ ይለካ የነበረው ትውልድ በወለል ሲለካ የታየው መልክ ሌላ ነበር። የልጆቹ እውቀት በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያ አልተናደም፤ የፈተናው አሰጣጥና ሚዛኑ ተለወጠ እንጂ።

3. የፊደሉና የክሬዲቱ መምጣት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ልዩ ልዩ ኮሌጆች ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ የአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ አጥኚ ቡድን አስቀድሞ ጥናት አቅርቦ ነበር፤ የቡድኑ መሪ ሃሮልድ ቤንትሌይም በመጀመሪያው ጊዜ በአስተዳደሩ ውስጥ ሠርተዋል። በዚህ መንገድ ሴሚስተር፣ ክሬዲትና ከኤ እስከ ኤፍ ያለው ፊደል በአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ውስጥ ሥር ሰደዱ። እንግዲህ እነዚህ እንግዶች በትውልድ አገራቸው እንዴት እንደ ተወለዱ ማየት ይገባል።

ተማሪን በየማዕረጉ መክፈል በአሜሪካ ቀደም ብሎ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ዬል ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 የኮሌጁ ፕሬዚደንት ኤዝራ ስታይልስ የፈተኗቸውን 58 ተማሪዎች በላቲን ስም በአራት ወገን ከፍለው በማስታወሻቸው ጻፉ፤ የላይኞቹ «ኦፕቲሚ»፣ የታችኞቹ «ፔጆሬስ» ተባሉ። ፊደሉን ከመቶ ቁጥር ጋራ አዛምዶ በመጠቀም የሚታወቀው ደግሞ ማውንት ሆሊዮክ የተባለው የሴቶች ኮሌጅ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1897 ነበር። በዚያ ጊዜ ኤ ለማግኘት 95 ያስፈልግ ነበር፤ ከ75 በታች ያመጣች ወደቀች ትባል ነበር። ዛሬ በእኛ ዘንድ 75 የሚያስገኘው ቢ ፕላስ ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን በየአገሩና በየዘመኑ ይለያያል።

የክሬዲት ታሪክ ከዚህ ይልቅ የሚያስገርም ነው። መነሻው የትምህርት ጉዳይ ሳይሆን የጡረታ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ሥራ የጀመረው የካርኔጊ ድርጅት ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ ለመስጠት ሲነሣ፣ «ኮሌጅ» የሚባለው የትኛው እንደ ሆነ መለየት አስቸገረው። ስለዚህ ተማሪ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ስንት ሰዓት ተምሮ መምጣት እንደሚገባው በመለኪያ ወሰነ። ጡረታውን የፈለገ ኮሌጅ ሁሉ መለኪያውን ተቀበለ፤ በዚህም ትምህርትን በሰዓት መቁጠር ልማድ ሆኖ ወደ ኮሌጆቹም ውስጥ ዘለቀ። እንግዲህ ክሬዲት የሚለካው ክፍል ውስጥ የተቀመጥንበትን ጊዜ እንጂ ያገኘነውን እውቀት አይደለም።

የማርኩም አስተማማኝነት ከጥንት ጀምሮ ተጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ1912 ስታርችና ኤሊየት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድን የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት አባዝተው ከ140 በላይ ለሆኑ መምህራን እንዲያርሙት ላኩ። ያው አንዱ ወረቀት ከአንዱ መምህር 64፣ ከሌላው 98 አገኘ። «የቋንቋ ትምህርት ስለ ሆነ ነው» የሚሉ ተቃዋሚዎች ሲነሡ በሚቀጥለው ዓመት በጂኦሜትሪ ደገሙት፤ ልዩነቱ ከፊተኛው ባሰ፤ ለአንዱ ወረቀት ከ30 በታች የሰጡም ከ90 በላይ የሰጡም ተገኙ።

4. ስሌቱ

ታሪኩ ይህ ከሆነ ወደ ስሌቱ እንግባ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተዋሕዶ እንዲሠራበት በወጣው ደንብ መሠረት ሚዛኑ እንደሚከተለው ነው፤ ተማሪው ግን የራሱን ተቋም ደንብ መመልከት አለበት።

ከ90 በላይ ኤ ፕላስ፣ ከ85 እስከ 90 ኤ፤ ሁለቱም 4.00
ከ80 እስከ 85 ኤ ማይነስ፤ 3.75
ከ75 እስከ 80 ቢ ፕላስ፤ 3.50
ከ70 እስከ 75 ቢ፤ 3.00
ከ65 እስከ 70 ቢ ማይነስ፤ 2.75
ከ60 እስከ 65 ሲ ፕላስ፤ 2.50
ከ50 እስከ 60 ሲ፤ 2.00
ከ45 እስከ 50 ሲ ማይነስ፤ 1.75
ከ40 እስከ 45 ዲ፤ 1.00
ከዚያ በታች 0

በድንበር ላይ ያለ ቁጥር ለላይኛው ይቈጠራል፤ 80 ያመጣ ኤ ማይነስ ነው።

አሁን አንድ የንግድ ሥራ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር አምስት ኮርስ ወሰደ እንበል። በባለ 4 ክሬዲቱ የሒሳብ አያያዝ ኤ ማይነስ አገኘ፤ 4 በ3.75 ሲባዛ 15 ይሆናል። የቀሩት አራቱ እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ናቸው። በኢኮኖሚክስ ቢ፣ 9፤ በማቴማቲክስ ሲ፣ 6፤ በማኔጅመንት ቢ ፕላስ፣ 10.5፤ በእንግሊዝኛ ሲ ፕላስ፣ 7.5። ድምሩ 48 ነጥብ ነው። የክሬዲቱ ድምር 16 ነው። 48 ለ16 ሲካፈል 3.00 ይመጣል።

አሁን ኤ ማይነሱና ሲው ቦታ ይለዋወጡ፤ ማለት በሒሳብ አያያዝ ሲ፣ በማቴማቲክስ ኤ ማይነስ ይሁን። ፊደሎቹ ያው አምስቱ ናቸው። ድምሩ ግን 46.25 ይሆናል፤ ለ16 ሲካፈል 2.89። 3.00 የሚጠይቅ ማስታወቂያ ፊት የመጀመሪያው ያመልክታል፣ ሁለተኛው አያመልክትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ክሬዲት ክብደት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር የጠቅላላው አማካይ ነው። ያ ተማሪ በሁለተኛው ሴሚስተር 19 ክሬዲት ወስዶ 47.5 ነጥብ ቢያገኝ የሴሚስተሩ አማካይ 2.50 ነው። ጠቅላላው 3.00ና 2.50 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ የሚገኘው 2.75 አይደለም። ነጥብ ከነጥብ፣ ክሬዲት ከክሬዲት ይደመራል፤ 95.5 ለ35 ሲካፈል 2.73 ይሆናል። ብዙ ክሬዲት የያዘ ሴሚስተር ወደ ራሱ ይስባል።

ሦስተኛውና ለሚሠጋ ተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። 20 ክሬዲት ጨርሶ በ1.90 ላይ ያለ ተማሪ 38 ነጥብ አለው። በሚቀጥለው ሴሚስተር 18 ክሬዲት ቢወስድ፣ 2.00 ለመድረስ የሚያስፈልገው አማካይ 2.11 ነው። 80 ክሬዲት ጨርሶ በዚያው በ1.90 ላይ ያለው ግን 152 ነጥብ ይዟል፤ በ18 ክሬዲት 2.00 ለመድረስ 2.44 ማምጣት አለበት። ጉድለቱ በወረቀት ላይ አንድ ነው፤ ዕዳው ግን እየቆየ ከብዷል። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ «ኋላ አስተካክለዋለሁ» ሲል በአራጣ እየተበደረ መሆኑን ይወቅ።

5. ደረጃዎቹ እኩል አይደሉም

ከላይ የተጻፈውን ሚዛን አተኩሮ የተመለከተ ሰው መሰላሉ እኩል ርከን እንደሌለው ያያል። ከኤ ማይነስ ወደ ቢ ፕላስ መውረድ 0.25 ያስከፍላል፤ ከቢ ፕላስ ወደ ቢ 0.50፤ ከሲ ማይነስ ወደ ዲ 0.75። ዲ አግኝቶ ከነበረበት ወደ ኤፍ መውረድ 1.00 ነው። ማለት የሚጥልበት ርቀት ከሁሉ የሚበዛው በመሰላሉ ግርጌ ነው። በባለ 4 ክሬዲት ኮርስ 45 ያገኘ 7 ነጥብ ሲያገኝ 44 ያገኘ 4 ነጥብ ያገኛል፤ በአንዲት ማርክ 3 ነጥብ ሄደ።

በአንጻሩ 85 ያመጣና 99 ያመጣ በአማካይ ነጥብ አንድ ናቸው። 50 ያመጣና 59 ያመጣም አንድ ናቸው። ሰቃዩ ተማሪ ከ85 በላይ ለሚደክመው ድካም በነጥብ ዋጋ አያገኝም፤ የደከመው ተማሪ ግን በየአንዳንዲቱ ማርክ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ስታርችና ኤሊየት የአንድ ወረቀት ማርክ ከአራሚ ወደ አራሚ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ካሳዩ በኋላ፣ በ44ና በ45 መካከል ያለው ድንበር የእውቀት ድንበር ነው ማለት አይቻልም። የደንብ ድንበር ነው። ደንብ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ደንብን ከእውነት መለየትም ያስፈልጋል።

ሌላው ሊታወስ የሚገባው፣ ከዚህ ቋሚ ሚዛን በፊት ብዙ መምህራን ፊደል ይሰጡ የነበረው ክፍሉን በማነጻጸር መሆኑ ነው። ያን ጊዜ 62 ያመጣ ተማሪ ደካማ ክፍል ውስጥ ቢ፣ ብርቱ ክፍል ውስጥ ሲ ሊያገኝ ይችል ነበር። ስለዚህ የአባቱን ትራንስክሪፕት ከራሱ ጋራ የሚያነጻጽር ልጅ ሁለት የተለያየ ክንድ የለካውን ጨርቅ ያነጻጽራል።

6. ምስክሩ ተመልሶ መጣ

በተግባረ እድና በሌሎች የሙያ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት የብቃት ምዘና፣ ሕዝቡ «ሲኦሲ» የሚለው፣ ከሩቅ ሲታይ አዲስ ነገር ይመስላል። ሲቀርቡት ግን የቤተልሔም ሥርዓት ዘመድ ነው። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋው ሰው ይዘረጋል፤ መዛኙ ያያል፤ ችሏል ወይም ገና አልቻለም ይላል። «ገና» የሚለው ቃል ውስጥ የኔታ ልጁን «ተመለስ፣ ድገም» የሚሉበት ትዕግሥት አለ። ከመቶ ሃምሳ የሚሆነውን ሽቦ በትክክል ያያያዘ ሰው አለፈ አይባልም፤ ቤት ያቃጥላልና።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዲግሪ ተማሪም የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ከመቶ 50 ማምጣት ግዴታ ሆነበት። በዚህ ምክንያት ዛሬ አንድ ተመራቂ በሁለት በር ማለፍ አለበት። አንደኛው በየሴሚስተሩ የተጠራቀመው 2.00 ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ቀን የሚሰጠው ፈተና ነው። ለአራት ዓመት ከ3.50 በላይ ሲያመጣ የኖረ ተማሪ በሁለተኛው በር ቢቀር፣ ወይ ፊደሎቹ ዋሽተዋል፣ ወይ ፈተናው ሌላ ነገር ለክቷል፣ ወይም ተማሪው በዚያን ቀን አልታደለም። የትኛው እንደ ሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም። የመውጫው ፈተና መምጣት የሚመሰክረው አንድ ነገር አለ፤ መንግሥትና ቀጣሪ በፊደሉ ላይ የነበራቸው እምነት ሳስቷል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ካየነው ታሪክ የምንረዳው፣ የተማሪ መለኪያ ሁለት ጥያቄዎች ይዞ እንደ ኖረ ነው፤ «ይችላል ወይ?» የሚለውና «ከማን ይበልጣል?» የሚለው። የምስክር ጉባኤ ቤት የመጀመሪያውን ጠየቀ፤ የማትሪክ መግቢያ ሁለተኛውን ጠየቀ፤ አማካይ ነጥባችን ግን ሁለቱን በአንድ ቁጥር ሊመልስ ይሞክራል። ለዚህ ነው አንዱንም አጥርቶ የማይመልሰው። 2.73 የሚለው ቁጥር የተለያዩ መምህራን ፍርድ፣ የክፍል ሰዓት ክብደትና የደንብ ድንበር ተቀላቅለው ያወጡት ነው፤ የመምህራኑ ስም ግን እንደ ቀድሞው አብሮት አይሄድም።

ከዚህ የሚከተሉ ሦስት ነገሮች ለአንባብያን ይቀርባሉ። ተማሪው ሬጅስትራር እስኪለጥፍ ሳይጠብቅ ነጥቡን በራሱ እጅ ያስላ፤ ክብደቱ የበዛውን ኮርስ አስቀድሞ ይወቅ፤ ስሕተት ከመሰለውም ወረቀቱ እንደገና እንዲታይ ደንቡ በሚፈቅድለት ጊዜ ውስጥ ያመልክት። መምህሩ የፈተናውን፣ የአሳይመንቱንና የመጨረሻውን ፈተና ድርሻ በመጀመሪያው ሳምንት ይናገር፤ የታረመውን ወረቀት ለተማሪው ይመልስ፤ በ44ና በ45 መካከል ያለውን ወረቀትም ደግሞ ይመልከተው። ቀጣሪውም ከ2.99 በታች ያለውን ሁሉ በአንድ መጥረጊያ ከመጥረጉ በፊት፣ የሚፈልገውን ሥራ በሚመለከተው ኮርስ ላይ አመልካቹ ያገኘውን ፊደል ይመልከት፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ተጽፎለታልና።

ቁጥርን መጣል አይቻልም፤ ብዙ ሺህ ተማሪ ባለበት አገር የኔታ ሁሉንም ቁጭ ብለው ሊሰሙ አይችሉም። ነገር ግን ነጥቡ የምስክሩ ምትክ እንጂ ምስክሩ ራሱ አለመሆኑን ተማሪም መምህርም ቀጣሪም ቢያስታውስ፣ የሜክሲኮ አደባባይ ሁለቱ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች አንዱ ከሌላው የሚማረው ነገር ይኖራል።